በማረፊያው ድንጋይ ቦታ ስለተሰበረው ፏፏቴ

የምስክር ቃል

የምስክር ሙሉ ስም፦ ወ/ሮ ዓይናዲስ እስጢፋኖስ ወንዴ
ዕድሜ፦ 69
አድራሻ፦ ጎንደር ከተማ፣ አራዳ፣ ከአዲሱ አደባባይ ፊት ለፊት
ሥራ፦ የክርና የአቡጀዲ ንግድ
ቃል የተሰጠበት ጊዜ፦ ጥር 26 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡30
ጉዳዩ፦ በተጠርጣሪ የሻው ክንዱ ላይ የቀረበ የሕዝብ ንብረት የማበላሸት ክስ
ቃል ተቀባይ መርማሪ፦ ምክትል ሳጅን ሰውአገኝ አዳሙ

ከላይ የተጻፈው ስም የእኔ ነው። ስሜ ዓይናዲስ ይባል እንጂ ዓይኔስ አሮጌ ነው፤ ግራውን ሞራ ጋርዶታል፣ ቀኙ ግን ደህና ያያል። ይህን አስቀድሜ ያስጻፍኩት በኋላ አሮጊቷ ምን አይታ ነው እንዳይባል ነው። ያየሁትን በእውነት እንድናገር፣ ያላየሁትን እንዳልጨምር በመርማሪው ተነግሮኝ እሺ ብያለሁ።

የተጠረጠረውን የሻው ክንዱን ከተወለደ ጀምሮ አውቀዋለሁ። አናጢ ነው። ትናንት እሑድ የተቀበረው የአያ ክንዱ ልጅ ነው። የፏፏቴው ጥበቃ ሙሉሰው ደግሞ የአምባ ጊዮርጊስ ሰው ሲሆን ከነሚስቱና ከነልጆቹ በእኔ ግቢ ተከራይቶ ይኖራል። ከሁለቱም ጋር ጠብ የለኝም። ኧረ ጠብ ቢኖረኝ በተሻለኝ ነበር! አንዱን ላድን ስል ሌላውን የምጎዳ ሆኜ እንቅልፍ አጥቼ ነው ያደርኩት።

የሻው ትናንት ማምሻውን ከአባቱ የለቅሶ ድንኳን ውስጥ ተይዞ ተወስዷል። ነገ ሠልስቱ ነው። ማንም ሳይጠራኝ በገዛ እግሬ የመጣሁት፣ ልጅ በአባቱ ሠልስት ከድንኳን መጥፋት የለበትም ብዬ ነው።

ድርጊቱ የተፈጸመበት ቦታ ከሱቄ በር ፊት ለፊት ያለው አዲሱ አደባባይ ነው። ሱቁን ከእናቴ ስለወረስኩት ቦታውን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። አሁን ፏፏቴው ባለበት ላይ እስከ ጉልበት የሚደርስ ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ ነበር፤ ማረፊያው ይባል ነበር። ከወገራ ወገን ገብስና ድንች ተሸክመው የሚመጡ ሴቶች ዳገቱን ከመጨረሳቸው በፊት ሸክማቸውን እሱ ላይ አውርደው ላባቸውን ይጠርጋሉ፣ ወሬ ይቀያየራሉ። እኔም ውሃ ቀድቼ ስመለስ እንስራዬን እሱ ላይ አስቀምጬ ጓደኞቼን እጠብቅ ነበር። ቀብር ሲሆን ደግሞ አስከሬን የሚያርፈው እዚያው ነው።

መርማሪው አስከሬን ለምን መንገድ ላይ ያርፋል ብሎ ስለጠየቀኝ አስረድቻለሁ። በእኛ ደብር ሟች ከቤቱ ወጥቶ ቤተ ክርስቲያን እስኪደርስ ሰባት ቦታ እያረፈ ይፈታል። ካህናቱ እያንዳንዱን ማረፊያ ምዕራፍ ይሉታል። መርማሪው "የየትኛው መጽሐፍ ምዕራፍ?" ብሎኛል። አልፈርድበትም፣ ልጅ ነው፤ በለቅሶ ቀን ሳቄ አመለጠኝ እንጂ። ማረፊያው ድንጋይ ስድስተኛው ምዕራፍ ነው፤ ከእሱ በኋላ የሚቀረው የቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ብቻ ነው። አባቴ እዚያ ላይ አርፏል፣ እናቴም አርፋለች። ባሌ በሕይወት ሳለ በዚያ ባለፍን ቁጥር "እዚህ ላይ ቀስ አርጋችሁ አውርዱት በያቸው፣ ወገቤን ያመኛል" እያለ ይቀልድብኝ ነበር። ቀኑ ሲደርስ እንዳለኝ ነገርኳቸው። ቀስ አርገው አወረዱት።

ሟቹ አያ ክንዱ የእድራችን ጥሩንባ ነፊ ነበር። እኔ እሱን አንቱ ብዬ ስለማላውቅ እንደለመድኩት ይጻፍልኝ ብያለሁ። ማለዳ ጥሩንባውን ይነፋና "እድርተኛ ስማ፣ እገሌ አርፏል!" ይላል። ሞተ ብሎ አያውቅም። ለቱጃሩም፣ ለሰካራሙም፣ ሰፈር ላስለቀሰውም ሰው አርፏል ነው የሚለው። አንድ ቀን "ምነው አያ ክንዱ፣ ያ ሰውዬ እንኳን ሊያርፍ ሰው አሳርፎ ያውቃል?" ብለው፣ "በቁሙ ያላረፈውን አሁን እንኳ ይረፍበት እንጂ፣ አንቺ ምን አቃጠለሽ?" አለኝ። ዙሩን ሲጨርስ ማረፊያው ላይ ቁጭ ይላል፣ እኔ ከሱቄ በራፍ ሆኜ እነቁረዋለሁ፣ እሱም አይተኛልኝም። በሁለታችን ጭቅጭቅ ገበያተኛው ሁሉ ይስቅ ነበር። ያ ጊዜ ሸጋ ነበር። ጭቃ ነበረው፣ ዝንብ ነበረው፣ አልዋሽም። ነገር ግን ሰው በዚያ ሲያልፍ ቆም ይል ነበር።

አዲሱ አደባባይም ሸጋ ነው፤ ይህም ይጻፍልኝ ብያለሁ። ጭቃው ጠፍቷል፣ ጽጌረዳው ደምቋል፣ የፏፏቴው ውሃ ከዘፈን ጋር እየተነሣ ይወርዳል። እኔም ሱቄን ስዘጋ ከአግዳሚው ላይ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ፣ ደስም ይለኛል። ማረፊያው ድንጋይ ግን ተነሥቶ ጥግ ወዳለው የመታሰቢያ አትክልት ስፍራ ተወስዷል። ታጥቦና ቀለም ተቀብቶ፣ ዙሪያውን በሰንሰለት ታጥሮ፣ "የቀድሞ ማረፊያ። መቀመጥ ክልክል ነው" የሚል ሰሌዳ ተተክሎለታል። አያ ክንዱ ሰሌዳውን ቆሞ አነበበና "እኔንም አስረው ሳያስጎበኙኝ በጊዜ ልሂድ" አለ። ተሳስቀን ተለያየን። ከዚያ ወዲህ ግን ጥሩንባውን ነፍቶ ሲመለስ ሳይቆም ቀጥ ብሎ ቤቱ ይገባ ጀመር፤ እኔም የምነቁረው ሰው አጣሁ። እዚህ ላይ መርማሪው ወደ ትናንቱ ድርጊት እንድመለስ አሳስቦኛል። ይህን ሳልናገር የትናንቱ አይገባህም ልጄ ብዬዋለሁ።

ትናንት ጥር 25 ቀን ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ የአያ ክንዱ አስከሬን በአደባባዩ በኩል መጣ። ጥሩንባውን የነፋለት ልጁ የሻው ነው። መግነዙን በእጄ ቆርጬ የሰጠሁ እኔ ነኝ። እግሬ ዳገቱን ስለማይችል የሱቄን በር ገርበብ አድርጌ ደፉ ላይ ቆሜ አለቅስ ነበር። ከእኔ እስከ ፏፏቴው ያለው ርቀት መንገዱን መሻገር ብቻ ነው፤ በመካከላችን የቆመ መኪናም ሰውም አልነበረም።

ቃሬዛውን አራት ሰዎች በትከሻቸው ተሸክመዋል። የሻው የፊት ቀኙን ይዟል። ከፊት ይመሩ የነበሩት መምሬ ወልደ ዮሐንስ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ ምዕራፎቹን የሚያውቁት በእግራቸው ነው። እንደ ሁልጊዜው ከቦታው ሲደርሱ ቆም አሉና "አሳርፉ" አሉ። ውሃው በዚያን ሰዓት ተኝቶ ነበር። ተሸካሚዎቹም ከቃሬዛው ሥር ሆነው መሬቱን አያዩም፤ እግራቸው በለመደው ሄደ። ዝቅ ያለችውን የፏፏቴውን ጠርዝ ተሻግረው አራቱም ከነቃሬዛው ውሃ ውስጥ ገቡ። ወይ ጉድ! ድንጋዩ ከተነሣ ዓመት እንዳለፈው ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ረሳው። እኔም ከወዲህ ሆኜ ልጮህ ሲገባኝ፣ እውነቴን ነው የምለው፣ የሚያርፍበት ያለ መስሎኝ ዝም ብዬ አይ ነበር።

ውሃው እስከ ቅልጥማቸው ደረሰ። የሚያሳርፉበት የለም። ወደኋላ እንዳይመለሱ አስከሬን ይዞ መመለስ በእኛ ነውር ነው፤ መምሬም ፍትሐቱን ጀምረዋል። በዚህ መካከል የፏፏቴው ዘፈን በሰዓቱ በራሱ ተለቀቀ፤ የሠርግ ዘፈን ነው። ውሃው ተነሥቶ ቃሬዛው ላይ ወረደ፣ አያ ክንዱ የተሸፈነበት ጋቢ ራሰ። ሴቶቹ እሪ አሉ። የሻው "አባቴን! ኧረ አባቴን!" እያለ ይጮህ ነበር። ከቦታው ግን አልተነቃነቀም። ሁለት እጁ አባቱ ላይ ነበር። ለአንድ አፍታ እንኳ አላነሣም። ይህ በደንብ እንዲጻፍ ጠይቄ ተጽፏል።

ሙሉሰው ውሃውን ሊያጠፋ ወደ ማብሪያው ሳጥን ሮጠ። ሳጥኑ ተቆልፏል፤ ቁልፉን የሚይዘው ባለሙያ እሑድ ስለሆነ ከከተማ ውጭ፣ ፀዳ ካለው ቤቱ ነው ያለው። ሙሉሰው ሳጥኑን በጡጫ መታው፣ ከዚያ ተመለሰና ከጠርዙ ላይ ቆመ። ማንም ውሃው ውስጥ እንዳይገባ መጠበቅ ነው ሥራው። ቆቡን አውልቆ አስቀመጠና ከነጫማው ገባ። መካከል ላይ ያለውን ቧንቧ አቅፎ በደረቱ ገፋው። ጎበጠ። ሲደግመው ተሰበረና ውሃው ተኛ። ዘፈኑን ማጥፋት ግን አልተቻለም። መምሬ በዘፈኑ ላይ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ፍትሐቱን ቀጠሉ።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን መርማሪው ለጉዳዩ አያስፈልግም ቢለኝም እኔ ያስፈልጋል ብያለሁ። ሙሉሰው እጆቹን ጉልበቶቹ ላይ ደግፎ አጎነበሰና ጀርባውን ከቃሬዛው ሥር አስገባ። አራቱ ሰዎች ቀስ አርገው አወረዱለት። ስድስተኛው ምዕራፍ እስኪያልቅ አያ ክንዱ የሙሉሰው ጀርባ ላይ ቆየ። አቡነ ዘበሰማያት ሲደገም የሙሉሰው ከንፈር ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ።

ከቀብር መልስ የሙሉሰው አለቃ መጥቶ ቧንቧውን ማን ሰበረው ብሎ ጠየቀ። ሙሉሰው ልብሱ እየተንጠባጠበ አፉ ተሳሰረ። ሥራው ይህችው ናት፣ ልጆቹም ትንንሾች ናቸው። የሻው ድንጋዩ በተነሣ ሰሞን ተናዶ ይህን ነገር አፈርሰዋለሁ ብሎ ስለነበር አንድ ሰው ያንን አስታወሰ። ልብሱም እንደ ሙሉሰው ርሶ ነበርና በዚያ ሰበብ ማምሻውን ከድንኳኑ ተወሰደ።

ዛሬ ጠዋት ሙሉሰው ደጄ ድረስ መጥቶ "እትዬ ዓይናዲስ፣ ዓይንሽ እንዴት አደረ?" አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ ገብቶኛል። ሞራው ጋርዶኝ አላየሁም ብል የሚጠራጠረኝ የለም፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ያንኑ ሳወጣ ሳወርድ ነበር። ግን የአያ ክንዱ ድንኳን ከግቢዬ ይታያል። "ግራው እንደሆነው ነው፣ ቀኙ ግን ደህና ነው" አልኩት። "ሸጋ" አለ። ጃንጥላዬን አንሥቶ እስከዚህ ድረስ ተከትሎኝ መጥቷል። አሁንም ከጣቢያው በር አጠገብ አግዳሚ ላይ ጃንጥላዬን ይዞ ተቀምጧል። ተጠርቶ ቢጠየቅ አይክድም። ከሥራው እንዳይባረር አደራ ብያለሁ። መርማሪው ይህ የፖሊስ ሥልጣን አይደለም ብሎኛል። አይሁን፣ ብቻ ይጻፍ ብዬዋለሁ።

ከዚህ በላይ የሰጠሁት ቃል በዓይኔ ያየሁት እውነት መሆኑን፣ ማንም አስገድዶ ወይም አባብሎ እንዳላናገረኝ አረጋግጣለሁ።

የቃል ተቀባይ ማስታወሻ፦ ቃሉ ለምስክሯ ተነቦላቸዋል። መርማሪው በማጠቃለያው ላይ "ቧንቧውን የሰበረው የጥበቃ ሠራተኛው ሙሉሰው ነው" ብሎ ጽፎ ስለነበር፣ ምስክሯ ሐሰት ባይሆንም ጎዶሎ ነው በማለት ለመፈረም አልፈቀዱም። በጥያቄያቸው መሠረት ማጠቃለያው እንደሚከተለው ተሻሽሏል፦

ቧንቧውን የሰበረው ሙሉሰው ነው። አያ ክንዱን ያሳረፈውም ሙሉሰው ነው።

የምስክር ፊርማ፦ ዓይናዲስ እስጢፋኖስ
የቃል ተቀባይ ፊርማ፦ ም/ሳጅን ሰውአገኝ አዳሙ