የታናሽየው ድርሻ

በደርግ ጊዜ ነው። ከጅማ ወደ የቡ ከተማ በሚሄደው ላንድሮቨር ውስጥ አንዲት እናት ሞስኮ ተምሮ ከተመለሰ አስተማሪ አጠገብ ተቀምጠዋል፤ እኔ ከኋላቸው ሆኜ እሰማለሁ።

«ልጄ፣ ከሞስኮ በርሊን በአውሮፕላን ስንት ሰዓት ነው?»

«ሁለት ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው፣ እማማ።»

«ያ ረቢ! እኛ በክረምት ጭቃ ጅማ ለመድረስ ከዚያ በላይ ይፈጅብን የለ!»

«ቅርብስ ቅርብ ነው፤ የጉዞ ፈቃዱ ነው የሚርቀው። ምነው ጠየቁኝ?»

«ትልቁ ልጄ ሞስኮ፣ ታናሹ በርሊን ይማራሉ። ተካፈሉ ብዬ በሶውን ባንድ ቋጠሮ ለትልቁ ላክሁ።»

«ተካፈሉ?»

«‹የሱን ድርሻ አስቀምጬለታለሁ› ብሎ ጻፈልኝ። ይኸው ሁለት ዓመቱ። ልጅ ሆነውም አንዱ ሳይመጣ ሌላው ገበታ አይነካም ነበር።»

«እስካሁን ተበላሽቷል እኮ፣ እማማ። ‹ብላው› ይበሉት።»

«የወንድሙን?»

እኔ እዚሁ አጋሮ ያለውን ወንድሜን መቼ እንዳየሁት ለማስታወስ ሞከርኩ።