ምንም ሳይነካ የጨለመው ስክሪን

ስለ ሥራ ባልደረባዬ ስለ ሰዓዳ ልንገራችሁ። ላፍቶ ላለ አንድ የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ የልምምድ ፈተና ኮምፒውተሮች ስናዘጋጅ ነው። አንዱን ስክሪኑ እንዳይጠፋ፣ እንዳይተኛም አስተካከልንና እንዳለ ገልብጠን በሌሎቹ ላይ ጫንነው። አለቀ ብዬ ዕቃዬን ስሰበስብ፣ ፈተናውን ሊሞክሩ የተቀመጡ አንድ አባት ብድግ አሉ። ስክሪናቸው ጨልሟል። «ኧረ እኔ ምንም አልነካሁም! በማርያም አልነካሁም!» ትራፊክ እንዳስቆመው ሹፌር ማንም ሳይጠይቃቸው ይምላሉ።

እኔ ሳቄ መጣ። ሰዓዳ ግን ረጋ ብላ «ልክ ነዎት አባባ፣ ስላልነኩት ነው የተኛው» አለቻቸው። ለካ ግልባጩ ሲጫን እንዳይተኛ ያደረግነውን የኃይል ሴቲንግ ጥሎ ከፋብሪካ ሲወጣ ወደነበረው መልሶታል። «በየኮምፒውተሩ እየዞርን እናስተካክለዋ» አልኳት። «ሌላ ቀን ደግመን ስንጭንስ?» አለችና ሴቲንጉን በፋይል አውጥታ፣ ኮምፒውተሩ መጀመሪያ ሲበራ ራሱ እንዲያስገባው ትእዛዙን ግልባጩ ውስጥ ከተተችው። እንደገና ጫንን።

ከዚያ ወንበር ስባ፣ እጇን አጣጥፋ ስክሪኑ ላይ አፈጠጠች።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«እየሞከርኩት ነዋ! እኛ ስንሞክር ማውሱን ስናንከራትት ነው የምንውለው። ተፈታኝ ግን ሲያስብ እጁ ዝም ይላል።»

ወይ ሰዓዳ! እኔ ይሄ መቼም አይታየኝም ነበር። አባባም አጠገቧ ተቀምጠው እጃቸውን አጣጠፉ። ያዘዝነው ሻይ መጥቶ ቀዘቀዘ፤ ስክሪኑ እንደበራ ነው። ይሄኔ አባባ ደረታቸውን ነፋ አድርገው ወደ እኔ ዞሩ።

«ይኸው፣ አሁንም አልነካሁም!»