ለ«ቴክ ኦፍ» የተፈረደ ግለ ሂስ

በደርግ ጊዜ ነው። ከዋጫ ወደ ቦንጋ በምትመለስ ላንድሮቨር ከኋላ ተጠቅጥቀን ተቀምጠናል፤ የእኔ ቦርጭ ብቻዋን የአንድ ሰው ቦታ ይዛለች። ፊት ለፊቴ አንዲት ባለሱቅ እናት የልጃቸውን የእንግሊዝኛ አስተማሪ አግኝተው አፋጠጡት። ገና ልጅ እግር ነው።

«ልጄ ምን አጠፋች?»

«እትዬ፣ ‹ቴክ ኦፍ› ማለት ማውለቅ ነው ብዬ አስተማርኩ። እሷ ‹አውሮፕላን ሲሆን መነሳት ነው› ብላ ተከራከረችኝ።»

«ዋሸች?»

«ኧረ አልዋሸችም። ቃሉ ብዙ ትርጉም አለው። ልብስ ሲሆን ማውለቅ፣ አውሮፕላን ሲሆን መነሳት፣ ደሞዝ ላይ ሲሆን መቀነስ…»

«እሷንስ ያለ እንግሊዝኛም እናውቃታለን!» አለ ከጥግ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ።

እናትየዋ አልሳቁም።

«እውነቷን ከሆነ፣ ነገ ባንዲራ ፊት ወጥተሽ ግለ ሂስ አድርጊ የተባለችው ለምንድን ነው?»

«አስተማሪ ደፈረች ተብሎ ነው። የወሰነው የትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ነው።»

«ለኮሚቴው ማን ነገረ?»

«እኔ ነኝ… ያን ዕለት ተናድጄ ነበር።»

«አሁንስ በረደልህ?»

«በጣም።»

«እንግዲያው ነገ አጠገቧ ቁምና ‹ልክ እሷ ናት› በል።»

«እንዴ እትዬ! እንደዚያ ብል እኔንም ግለ ሂስ አድርግ ይሉኛል እኮ።»

«እና አንተ ጎረምሳው መቆም የፈራህበት ቦታ፣ ያቺ አንድ ፍሬ ልጅ ብቻዋን ትቁምልህ?!»

በሰው ወሬ መሃል ገብቼ ካልቀለድኩ የሚያመኝ ሰውዬ፣ ቦንጋ እስክንገባ ድረስ የጫማዬን ክር ሳይ ሄድኩ።