ለደህና ቀን የተቀመጠ ልብ ወለድ

ጋሽ ገብረክርስቶስ የሰው ስልክ ላይ ዓይን መጣል ነውር መሆኑን አሳምረው ያውቃሉ። ፒያሳ ላይ አርባ ዓመት ሙሉ ቀለበትና ሀብል ሲሠሩ የኖሩ፣ በሰው ጉዳይ ጥልቅ ማለት የማይወዱ ሰው ናቸው። ይሁንና አንድ ማክሰኞ ከሱቃቸው ወጥተው አራት ኪሎ የአውቶቡስ ሰልፍ ላይ እንደቆሙ፣ ከፊታቸው ያለችው ሒጃብ የለበሰች ወጣት ስልኳን አጋድማ ስትይዝ የታያቸውን ሥዕል እንዳላዩ ሆነው ማለፍ አቃታቸው።

ሥዕሉን ያውቁታል። ውቤ በረሃ ነው። ዝናብ ይዘንባል፤ ከአንድ የእንጨት ሰገነት ሥር ቀይ ጃንጥላ የያዘች ሴት ቆማለች፤ ከሥዕሉ ግርጌ ንግግሯ ተጽፏል። የሣለውም የጻፈውም የገዛ ልጃቸው ሚኪያስ ነው።

የነገሩ ሥር እንዲህ ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለ ካረፉ ስድስት ዓመት ሆኗል። ሚኪያስ ከለቅሶው በኋላ ክፍሉ ገብቶ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ሥራ ሠራ። ወጣቶቹ ቪዥዋል ኖቭል ይሉታል፤ በስልክ የሚነበብ፣ ሥዕልና ሙዚቃ ያለው፣ አንባቢው በየመንገዱ «ይህን ላድርግ ወይስ ያን» እያለ እየመረጠ የሚሄድበት ረጅም ልብ ወለድ ነው። ለንባብ ሲደርስ ከማንም በፊት በአባቱ ስልክ ላይ ጫነው፤ ለሌላው ሰው ያወጣው ከዚያ በኋላ ነው። «አባዬ፣ አርባ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ግን በፈለግክበት ቦታ ማቆም ትችላለህ» አላቸው። እሳቸውም ስልኩን በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ «እንዲህ ያለ ነገር በሩጫ አይነበብም። ደህና ቀን ሲገኝ፣ እጄን ታጥቤ፣ ልቤን ሰብስቤ ነው የማነበው» ብለው መለሱለት።

እዚህ ላይ አንባቢ በሽማግሌው ለመፍረድ አይቸኩል። ያሉትን ከልባቸው ነው ያሉት። በወጣትነታቸው ወፍራም መጽሐፍ የሚያነቡት እሁድ ከቅዳሴ መልስ፣ በር ዘግተው፣ እርሳስ ይዘው ነበር። የልጃቸውን ሥራ ከዚያ ባነሰ ክብር መንካት ድፍረት መሰላቸው። ነገር ግን አንዱን እሁድ የእድር ስብሰባ ወሰደው፣ ሌላውን ለቅሶ፣ ሌላውን ለሠርግ የተጣደፈ ደንበኛ። የፒያሳው ቤታቸው ለልማት ሲነሳና ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ሲገቡ ደግሞ እሁድ የሚባለው ቀን ጭራሹን ዕቃ በመጎተት አለቀ። በመሃል አሥር ጊዜ ያህል ከፍተውታል። ሩብ ሰዓት ሳያነቡ አንድ ነገር ይጠራቸዋል፤ በወሩ ሲመለሱ «ክሩ ተበጥሷል» ይሉና እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። እናም ያችን ቀይ ጃንጥላ የያዘች ሴት በቃላቸው ያውቋታል፤ ከእሷ ቀጥሎ ማን እንደሚመጣ ግን አያውቁም። ልጃቸው በጠየቀ ቁጥር መልሳቸው «ገና መጀመሪያው ላይ ነኝ» ነበር። ከሁለት ዓመት ወዲህ መጠየቁን ትቷል።

«ልጄ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና ምንድን ነው የምታዪው?» አሉ የማያውቁ መስለው። ለምን እንደዋሹ ለራሳቸውም አልገባቸውም።

ልጅቷ ዞር ብላ አየቻቸው። ተስኒም ትባላለች፤ ጠዋት ጠዋት መድኃኒት ቤት ትሠራለች፣ ከሰዓት በኋላ እዚያው አራት ኪሎ ኬሚስትሪ ትማራለች። «እያነበብኩ ነው አባባ» አለች።

«ሥዕል ይነበባል እንዴ?»

«ሥዕሉን አያለሁ፣ ጽሑፉን አነባለሁ። መጽሐፍ ማለት ነው። ከብዙ መጽሐፍ ይረዝማል።»

«ምን ያህል ይረዝማል?»

«አርባ ሰዓት ይወስዳል። አንድ ጊዜ ጨርሼዋለሁ። አሁን በፊት ያልመረጥኩትን እየመረጥኩ እንደገና ይዤዋለሁ።»

ጋሽ ገብረክርስቶስ ቅር አላቸው። በልጅቷ ይሁን በራሳቸው ለጊዜው አልለዩትም። «ሥራ አለሽ፣ ትምህርት አለሽ። አርባ ሰዓት ከየት አመጣሽ? ከትምህርትሽ ላይ ቀንሰሽ ካልሆነ በቀር።»

«አርባ ሰዓትማ ኖሮኝ አያውቅም» አለች ተስኒም። «እውነቴን ነው የምልዎት፣ አንድ ሙሉ ቀን የራሴ ሆኖ ካየሁ ዓመታት አልፈዋል። ቤት ስገባ ታናናሾቼ አሉ፣ መድኃኒት ቤት ሰው ቁጣውን ይዞ ይመጣል፣ ላቦራቶሪ ቆሜ እውላለሁ። ግን ይኸው ሰልፍ አለኝ። በየቀኑ ሩብ ሰዓት፣ አንዳንዴ ሃያ ደቂቃ። በዚያ ነው አንድ ሴሚስተር ከነዕረፍቱ ሳያልቅ የጨረስኩት። የፈተና ሳምንት አልከፍተውም። ክፍል ውስጥም አልከፍተውም።»

«ይሄ ንባብ አይባልም፣ ልጄ። ቁንጥርጥር ነው። ሰው ታሪክ ሲያነብ ልቡ መግባት አለበት። ክሩ ሲበጠስ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ያቆምኩበትን እሱ ራሱ ይይዝልኛል። ወደኋላ መለስ ብሎ የተባለውን ማየትም ይቻላል፤ ሦስት አራት ንግግር መልሼ ካነበብኩ ይመጣልኛል። ለክፉም ለደጉም ደብተሬ ጀርባ ላይ አንድ መስመር እጽፋለሁ፤ ‹ወርቅ ሠሪው በሩ ጋ ቆሟል› ብዬ። እርስዎ ሲቋረጥብዎት ምን ያደርጋሉ?»

«ከመጀመሪያው እጀምራለሁ» አሉ በኩራት ቢጤ።

«ሁልጊዜ?»

ሰልፉ ሁለት እርምጃ ተንቀሳቀሰና ቆመ። ከኋላቸው አንድ ሰው ስለ አውቶቡሱ እያማረረ ነበር።

«የጻፈውን ሰው ማክበርስ የለም?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ያ ሰው ዓመታት ደክሞበታል። እሱ የደከመበትን በሰው ግፊያ መሃል፣ በአንድ ጆሮ ረዳት እየሰሙ፣ በአንድ ጆሮ…»

«አባባ፣ ጸሐፊው እንዲከበርለት ነው ወይስ እንዲነበብለት የጻፈው?»

ተስኒም ይህን ያለችው ለመርታት አልነበረም፤ ደክሟታል፣ ቀኑን ሙሉም ቆማለች። ሽማግሌው ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ክብር ብለው የያዙት ነገር፣ ከውጭ ለሚያየው ሰው ከንቀት በምን እንደሚለይ ፈለጉ፤ አጡ።

«ሥራዎ ምንድን ነው?» አለች እሷ።

«ወርቅ ሠሪ ነኝ።»

«አጎቴም ፒያሳ ወርቅ ሠሪ ነበር። ማታ ልብሱን ሳያራግፍ ከሱቅ አይወጣም ነበር። እናንተ ስትሞርዱ የሚረግፈውን ብናኝ ምን ታደርጉታላችሁ?»

«ጉልበታችን ላይ ቆዳ ዘርግተን ነው የምንሠራው። የረገፈውን እናጠራቅማለን። ወለሉም ይጠረጋል፤ ጥራጊው አይጣልም። በዓመቱ ይቀለጣል።»

«ወርቅ ይወጣዋል?»

«እንዴታ። ደህና ቀለበት የሚወጣው ዓመት አለ።»

«ታዲያ ወርቁን ከአቧራ ላይ የሚለቅም ሰው ጊዜ ላይ ሲደርስ ለምን ሙሉውን ካላገኘሁ ይላል? ደህና ቀን እኮ አይመጣም፣ አባባ። እኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነው፤ አንድም አልመጣልኝም። ለእርስዎ መጥቶልዎታል?»

ተማርኩ የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ሽማግሌን የሚያስረዳው ሽማግሌው በማያውቀው ነገር ነው። ይህች ልጅ በሚያውቁት ነገር ያዘቻቸው። ጋሽ ገብረክርስቶስ የጨርቅ ኮፍያቸውን አውልቀው እንደገና አደረጉ። አውቶቡሱ መጣ፤ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«መጨረሻውስ እንዴት ነው?» አሉ ጥቂት እንደሄዱ።

«መጨረሻ የለውም።»

«ጨርሼዋለሁ አላልሽም?»

«የወጣውን ጨርሻለሁ። የመጨረሻው ምዕራፍ አልወጣም። በቦታው አንድ ጽሑፍ አለ፤ በቃሌ ነው የማውቀው። ‹ይህን የጻፍኩለት ሰው ገና መጀመሪያው ላይ ነው። እሱ ሲደርስ እጨርሰዋለሁ› ይላል። ሁለት ዓመት አልፎታል። እኛ አንባቢዎቹ ስንገምት ፍቅረኛው ናት ብለን ነበር። በኋላ ተስፋ ቆረጥን። ሰው ይህን ያህል ካልደረሰ ሊደርስ አይፈልግም ማለት ነው።»

ጋሽ ገብረክርስቶስ በመስኮት ወደ ውጭ አዩ። ተስኒም፣ «ካስደሰተዎት ስሙን ልጻፍልዎት፤ ስልክዎ ላይ ይጫናል» አለች።

«አለኝ» አሉ። «ሦስት ዓመት ሆኖኛል።»

ልጅቷ ፊታቸውን አየች። ስትወርድ እጃቸውን ጨብጣ «አላህ ይርዳዎት» አለቻቸው።

በማግሥቱ ሰልፉ ላይ ስልካቸውን አጋደሙ። እጃቸውን አልታጠቡም፤ የሞረድ ብናኝ ጣታቸው ላይ ነበር። ቀይ ጃንጥላ የያዘችውን ሴት አለፉ። የሚቀጥለው ሰው ሁሉን ነገር ለደህና ቀን የሚያስቀምጥ ወርቅ ሠሪ ሆኖ አገኙት። ልጃቸው እንደሚያውቃቸው ገባቸውና አፈሩ። አውቶቡሱ ሲመጣ በአንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ «ሱቁን ዘጋ» ብለው ጻፉ፤ በነጋታው ከዚያው ቀጠሉ።

በሁለተኛው ወር ይመስለኛል፣ ባለ ቀይ ጃንጥላዋ ሴትዮ ተመልሳ መጥታ ስለ ዝናቡ ስታማርር «እንዲያው ሰማዩ ምን አጥቶ ነው የሚያለቅሰው» አለች። ጋሽ ገብረክርስቶስ ሰልፍ ላይ መሆናቸውን ረስተው ቀና አሉ። የአስካለ አነጋገር ነው። ከዚያ ወዲያ በየገጹ አገኟት፤ የነገር አያያዟን፣ ተቆጥታ ስትስቅ የምትለውን፣ በር ላይ ቆማ «ትመጣለህ ወይስ ላስብህ» የምትለውን። ልጃቸው እናቱን ከአፏ ለቅሞ አስቀምጦላቸው ኖሯል። ሦስት ዓመት ሙሉ ኪሳቸው ውስጥ ስትናገር፣ እሳቸው ደህና ቀን ይጠብቁ ነበር። እንባቸውን በኮፍያቸው ሲጠርጉ ከኋላቸው ያለው ሰው ቦታውን ለቀቀላቸው።

በአምስተኛው ወር ማለቂያ፣ አንድ ቅዳሜ፣ የጎረቤት ሱቅ ባለቤት ዘይኑዲን ስልካቸው ላይ አቀርቅረው አገኛቸው። ዘይኑዲን ሴት ልጁ ነጂባ የጻፈችው የመመረቂያ ጽሑፍ ከዓመት በፊት ተልኮለት፣ ረመዳን ሲደርስ ተረጋግቼ አነበዋለሁ እያለ ያስቀመጠ ሰው ነው።

«ጋሽ ገብሬ፣ እርስዎም እንደ ልጆቹ ሆኑ?» አለ።

«ሆንኩ። ቁጭ በል፣ ዘይኑ» አሉት። «አንድ ነገር ልምከርህ፤ አልሰማም ካልክ ግን እንደኔ ትሆናለህ። እኔ ጊዜ የለኝም ስል የነበረው ጊዜ አጥቼ አይደለም፤ የነበረኝን ስለናቅሁት ነው። ሩብ ሰዓቱን ጣልኩ፣ ቀኑ አልመጣም። አሁን ሰልፉ አይሰለቸኝም፤ ከአውቶቡሱ ጋር መጣላቴን ትቻለሁ። ከሱቅ ይዤው የምወጣው ንዴት ቤት ሳልደርስ ይበርዳል። የረሳሁ ሲመስለኝ ሦስት መስመር ወደኋላ አነባለሁ፣ ይመለስልኛል። አንድ ቤት የምንኖረውን ልጄን ደግሞ ገና አሁን አወቅሁት። የነጂባ ጽሑፍ ስንት ገጽ ነው?»

«ከመቶ ይበልጣል። የማልረዳውም ብዙ ነው፣ ጋሼ።»

«በቀን ሁለት ሁለት ገጽ አንብብ። ሁለት ወር አይሞላም። ያልገባህን ጠይቃት፤ መጠየቅህን ነው የምትፈልገው።»

ዘይኑዲን ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ስልኩን አወጣና የልጁን ጽሑፍ መፈለግ ጀመረ። ደንበኛ ገብቶ ሲወጣ እሱ ገና ርዕሱን እያነበበ ነበር። በምክሩ ተጠቅሟል። መካሪው ግን ምክሩን የገዛበት ዋጋ ገና አልታወቀውም ነበር።

እሁድ ምሳ ላይ አባትና ልጅ ብቻቸውን ተቀመጡ። ሚኪያስ በስልክ የሚጠራ ታክሲ መንዳት ከጀመረ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ከበላ በኋላ ሊወጣ የመኪናውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጧል። የሚሥልበት መሣሪያ ቁም ሳጥኑ ላይ በካርቶን ታሽጓል።

«ደረስኩ» አሉ ጋሽ ገብረክርስቶስ።

«የት?»

«ጽሑፍህ ድረስ። ‹እሱ ሲደርስ› ካልክበት።»

ሚኪያስ መጉረሱን አቆመ። «ስንት ጊዜ ፈጀብህ?»

«አምስት ወር። በቀን ሩብ ሰዓት፣ ሰልፍ ላይ።»

ልጁ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻላቸው ነበር። የመኪናውን ቁልፍ ወደ ራሱ ሳብ አደረገና፣ «አምስት ወር» አለ። «ያኔ ጀምረኸው ቢሆን የዚያን ዓመት ፋሲካ ሳይደርስ ትጨርሰው ነበር።»

«አዎ፣ ልጄ። በደልኩህ። መጨረሻው ላይ አስካለ ምን ትላለች? እሱን ንገረኝ። ባትጽፈውም ግድ የለም፤ በአፍህ ንገረኝ።»

«አላውቅም፣ አባዬ።»

«ረሳኸው?»

«ያኔ ድምጿ ጆሮዬ ላይ ነበር። እየሰማሁ ነበር የምጽፈው። አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ፣ አልመጣም። በማግሥቱም አልመጣም። አሁን ምን እንደምትል አላውቅም።»

ጋሽ ገብረክርስቶስ ሠላሳ አንድ ዓመት አብረዋት ኖረዋል። ለልጃቸው ሊነግሩት፣ አንድ ቃሏን እንኳ ሊያቀብሉት ዓይናቸውን ጨፍነው አሰቡ። ስለ ሰማዩ ያለችው መጣላቸው፣ በር ላይ ቆማ የምትለው መጣላቸው፣ ተቆጥታ ስትስቅ የምትለውም መጣላቸው። ሁሉም ልጃቸው የጻፈው ነበር። ከዚያ ውጭ ቢፈልጉ፣ ቢፈልጉ፣ ምንም አላገኙም።