ገባ እኮ!

ከሸዋ በር በተሳፈርኩበት ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠች ሴት፣ ጎኗ ላሉት አዛውንት ስልኳን እያሳየች ትቆጣለች።

«ባሌ ነው ያበላሸው፣ አባባ። የራሱን ቻርጀር በግድ ሰካበት!»

«ሁሉም አንድ አይደል እንዴ ልጄ?»

«ይመስላል እንጂ አይደለም! የእሱ ጫፍ ባንድ በኩል ጠበብ ይላል፤ የእኔ ስልክ ቀዳዳ ግን ላይና ታቹ እኩል ነው።»

«ታዲያ እንዴት ገባለት?»

«አነስ ስለሚል ገባ፣ ግን አልያዘም። ቻርጅ አላደርግ ሲለው ጠመዘዘው፤ ውስጥ ያለችውን ምላስ ሰበራት።»

«አብሽሪ፣ ይሠራል።»

«መሠራቱንማ ይሠራል! ትናንት ግን ሳውዲ ያለው ወንድሜ በቪዲዮ ሊደውል ነበር። እናቴ በጠና ታማለች። ፊቱን ሳታይ እንዳትሞት ነው የምትፈራው። አዲሱን ሻሿን አሳስራኝ ስትጠብቅ ስልኩ ባትሪ ጨርሶ ጠፋ!»

«ባልሽስ ምን አለ?»

«‹ገባ እኮ!› አለኝ። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ታለቅሳለች፣ እሱ ‹ገባ እኮ!› ይለኛል!»

«ዛሬስ ልጇን አላየችም?»

«ጠዋት በጎረቤት ስልክ ደወልንለት። እሱ አያት፣ አባባ። እሷ ግን ዛሬ ዓይኗን መግለጥ አቃታት።»

እኔ ኪሴ ውስጥ ያለውን ስልኬን አጥብቄ ያዝኩት።