እንግዳ የማይጠፋበት ዳስ

ገዳልያ ወንድሜ፣ ና እዚህ አግዳሚዋ ላይ አረፍ በል። ነፋሱ ዛሬ ረገብ አለ አይደል? ትናንት የኔን ዳስ ጣሪያ ይዞት ሊሄድ ነበር። የኢየሩሳሌም ነፋስ በዳስ በዓል አይጣል ነው…

የጎረቤታችንን ዳስ አየህልኝ? ዘንባባው አረንጓዴ፣ ጨርቁ ነጭ፣ እንዴት ያምራል! ስሙን ምን ያደርግልሃል… እንደሱ እንግዳ የሚወድ ሰው አይቼ አላውቅም። ሲመሽ በሩ ላይ ይቆምና «ግቡ፣ ቅዱሳን እንግዶቼ፣ ግቡ!» ይላል። አብርሃምን፣ ይስሐቅን፣ ያዕቆብን… እስከ ዳዊት ድረስ፣ እንደ በዓሉ ልማድ የቀደሙትን አባቶች በየስማቸው ይጋብዛል። ወንበር ሁሉ ይስብላቸዋል። እኔ ፊደል ያልቆጠርኩት ሰውዬ በመስኮት እየሰማሁ እንባዬ ይመጣል።

እንግዳ ሲመጣ ወርቅ፣ ሲያድር ብር፣ ሲሰነብት ብረት ይባላል። የሱዎቹ ግን በዓሉን ሙሉ ወርቅ ናቸው… አይበሉማ!

ምነው ትጠቅሰኛለህ? ድምፄ በዛ? ኧረ ተው፣ የጨርቅ ግድግዳ ምን ያሰማል!

እና በበዓሉ መጀመሪያ ማታ ሴት ልጁ መጣች። ድስት ሙሉ ይዛ፣ ከኖጋ ጋር። አዎ፣ አብራት ከምትኖረዋ፣ ትዳሬ ከምትላት። እሱ ምን አለ? «ልጄ ትግባ፤ ያቺ ትመለስ።» ያቺ! ስንት ሺህ ዓመት የሞላቸውን ሙታን በስም የሚጠራ ሰው፣ የኖጋ ስም ጠፋው… እርጅና ነው መቼስ። ሁለቱም ድስታቸውን ይዘው ወረዱ። ደግ አባት ነው፣ ልጁን አላባረረም… ግማሿን ብቻ።

ጥፋቱስ የልጅቱ ነው! ሴት ወደድኩ ካለች ኦሪቱን ጥላ አትሄድም? ይገላገል ነበር። እሷ ግን ያቺን የቤታቸውን ጠባብ በረንዳ ዳስ አድርጋታለች። ባለፈው ሰንበት መብራት ሳያበሩ ፀሐይ ጠለቀችባቸው። በጨለማ ራት በሉ እንጂ ሰንበትን ሽረው ማብሪያውን አልነኩም። እኔም ነበርኩ፣ ዓሣው በአፍንጫዬ ሊገባ! ወይኑን የባረከችበትን ዜማ ብትሰማ… ቁርጥ የሱ። ከማን እንደተማረችው እንጃ።

የውጭ አልጋ፣ የቤት ቀጋ የሚባል ሰው አለ። ጎረቤታችን ግን ምን በወጣው! እሱ የሰማይ አልጋ ነው።

አብርሃም ግን… ለማያውቀው መንገደኛ በጠራራ ፀሐይ የሮጠ ሽማግሌ አይደለም? እዚህ ገብቶ ቢቀመጥ፣ «እነዚያ ደጃፉ ላይ የቆሙት እነማን ናቸው?» አይልም? ብሎስ ሊያስገባቸው ቢወርድ? ጎረቤታችን ምን ይውጠዋል!

አዎ፣ ልጅቱና ኖጋ ዛሬም ቆመዋል። ዛሬ እንግዳ የሚጠራበት የመጨረሻው ማታ ነው፣ ምናልባት ልቡ ይራራ እንደሆነ ብለው ይሆናል። ሚስቱም ሁለት ሳህን አወጣች፣ መልሳ አስገባች፣ ደግሞ አወጣች… ምን ነካት በል?

ጎረቤታችን ፀጥ አለ፣ ሰማህ? ሊጸልይ ይሆናል። እንግዲያ እኛም እንመርቀው።

እግዜር ዕድሜ ይስጠው። ዳሱ እንግዳ አይጣ። ሁልጊዜ ቅዱሳን ብቻ ይግቡለት… ሳህን የማያቆሽሹ፣ የሚወዱትን ሰው አስከትለው የማይመጡ። እስኪሸብት፣ እስኪጎብጥ፣ «አባባ» የሚል ድምፅ ጸሎቱን አይረብሽበት።

አሜን በልለት እንጂ፣ ገዳልያ… እንግዶቹ እንደሆኑ አይመልሱለትም።