ግድግዳውን የሚያንኳኩት ጎረቤቶች

ካዛንቺስ የሄድኩት የአክስቴ ቤት የነበረበትን ቦታ ለማየት ነው። ነሐሴ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ፤ ዝናቡ ያካፋል። ቤቱ ከሰፈሩ ጋር መፍረሱን አውቃለሁ። የስልኬ ካርታ ግን ገና አልሰማም። «ወደ ቀኝ ይታጠፉ» ይለኛል፤ በቀኜ ያለው ውሃ ያቆረ ጉድጓድ ነው። «ደርሰዋል» ይለኛል፤ ዙሪያዬ ሜዳና ጉም ነው። ራቅ ብሎ በአዲሱ መንገድ ዳር የተደረደሩት አምፖሎች በቀን በርተዋል፤ ከሥራቸው አንድም ሰው አይታይም። ፊንላንድ ድረስ ሄጄ የተማርኩት ስለ ኃይል አቅርቦት ነው። ለስንት ቤት ስንት መብራት እንደሚያስፈልግ አስልቼ ልነግራችሁ እችላለሁ። መብራቱ በርቶ ቤቱ ሲጠፋ ምን እንደሚባል ግን ማንም አላስተማረኝም።

«እህቴ፣ እዚያ ላይ ባትቆሚ ደስ ይለኛል። የእትዬ ወለተማርያም ጓዳ ነው።»

ዘወር ስል አንድ ጥቁር ጃኬት የለበሰ ወጣት ከሰል የተሞላ ፌስታል አንጠልጥሎ በሜዳው ላይ ይመጣል። ያስደነገጠኝ አመጣጡ ነው። በቀጥታ መምጣት ሲችል ምንም በሌለበት ቦታ ወደ ግራ ታጠፈ፤ ትንሽ ሄዶ እንደገና ታጠፈ፤ ከዚያ አናቱን የሚነካ ነገር ያለ ይመስል ጎንበስ ብሎ አለፈ።

«ለምንድን ነው ጎንበስ ያልከው?» አልኩት።

«የእነ አስመላሽ ቆርቆሮ እዚህ ጋ ወጣ ያለ ነበር። ግንባሬን ስንቴ እንደፈነከተኝ!» ሳቀ። «በሰው ቤት መሀል ሰንጥቆ ማለፍ ደግሞ ነውር ነው።»

«ቤቱ እኮ የለም።»

«ነውሩ አለ።»

ስሙ ሳዳም ነው። «ስሜን ሰምተሽ አትፍሪ፤ አባቴ ነው ያወጣው። እኔ ሰላማዊ ወግ አጥባቂ ነኝ» አለኝ። ዩኒቨርሲቲ ፖለቲካል ሳይንስ አጥንቷል፤ የሚተዳደረው ግን ከወሎ የመጡት አባቱ ትተውለት በሄዱት የመርካቶ ጨርቅ ሱቅ ነው። አክስቴን ያውቃታል። ዝናቡ ሲጠነክር «ቤታችን እዚሁ ነው፤ እናቴም አለች፤ እስኪያባራ ተጠለይ» አለኝና ተከተልኩት። ሳላስበው እኔም በሌሉት ግድግዳዎች ጥግ ጥግ እየታጠፍኩ ነበር።

ሥራዬን ጠየቀኝ። ቤተሰቦች ከከሰል ወደ ኤሌክትሪክ እንዲዞሩ የሚመክር ጥናት እያዘጋጀሁ መሆኔን ስነግረው ፌስታሉን ከፍ አድርጎ አሳየኝ።

«እንግዲያው እጅ ከፍንጅ ተያዝኩ በይኛ፣ ኢንጂነር!»

«ተይዘሃል። ለመሆኑ ኤሌክትሪክ ጠልተህ ነው?»

«ማነው የጠላው? ለግድቡ ቦንድ ገዝቻለሁ። የምጠላው ችኮላ ነው። ማለቴ፣ እዚህ አገር የመጣ ሁሉ ከዜሮ ነው የሚጀምረው። የቀደመው የተከለውን ይነቅላል፤ የራሱን ይተክላል፤ ቀጣዩ ደግሞ መጥቶ የሱን ይነቅላል። ሕዝቡ የሚጠየቀው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። በቃ፣ እኔ ድምፄን የምሰጠው ቀስ ለሚል ፓርቲ ነው።»

«ቀስ ስንል እኮ ደኑ አለቀ።»

«እሺ፣ የቤንዚን መኪና አይገባም ተባለ። ሐሳቡን አልጠላሁትም፤ ዶላራችንን ያድናል። ግን ገጠር ያለው አጎቴ የት ቻርጅ ያድርግ? ሚስቱ ምጥ በያዛት ቀን መብራት ቢሄድስ? የነዳጅ ድጎማ ይነሳ ሲባልም ጓደኞቼ ሲሰድቡኝ እኔ ደግፌያለሁ፤ መንግሥት ነዳጅ ቸርቻሪ መሆን የለበትም። ግን መጀመሪያ መሰላሉን አቁሚ፤ ከዚያ ሰውን ውረድ በይው።»

«ከሰሉስ?»

«ከሰል የኔ ነው። ማንም ሩቅ ቢሮ ተቀምጦ፣ ማጥፊያ ተጭኖ ራቴን አያስቀርብኝም።»

«ከገጠር በምን መጣ?»

«በአይሱዙ።»

«አይሱዙውስ በምን ተነዳ?»

ፌስታሉን ወደ ሌላ እጁ አዛወረና «እሱን ነጥብ ይዤልሻለሁ» አለ። እኔ ግን የረታሁ መስሎ አልተሰማኝም። የኔ ጥናት መሰላል አልነበረውም። ሰዎች የሚወርዱበት ቀን ብቻ ነበር የተጻፈበት።

ቤቱ ሜዳው ጠርዝ ላይ ብቻውን ቀርቷል። በአንድ በኩል ያለው ግድግዳ ከእትዬ ወለተማርያም ቤት ጋር የጋራ ነበር፤ የእሳቸው ቤት ሲፈርስ የሳሎናቸው ሰማያዊ ቀለም ወደ ውጭ ቀረ። ዝናብ ያጥበዋል። ፎቶ የተሰቀለበት ምስማር አሁንም አለ። ፍርስራሹ ላይ አንዲት ድመት እየበሰበሰች በሩን ትመለከታለች።

«ለምን አትገባም?»

«ክረምቱ ከገባ ጀምሮ እምቢ ብላለች። እናቴ ‹ያየችው ነገር አለ› ትላለች።»

በሩን ከፍተን ስንገባ ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። ግድግዳው ስለተሰነጠቀ ዙሪያውን በላስቲክ ሸፍነውታል፤ መስኮቱም በላስቲክ ተለብጧል፤ በበሩ ሥር ጨርቅ ተወትፏል። መሀል ወለሉ ላይ የከሰል ምድጃ አለ፤ ፍሙ ቀልቷል፤ ጭስ የለውም። የሳዳም እናት ወይዘሮ ነፊሳ ግንባራቸውን በሻሽ ጥብቅ አድርገው አስረው አልጋ ላይ ጋደም ብለዋል።

«ነይ ልጄ፣ አብሽሪ፣ ከብርዱ ግቢ። ሳዳም፣ በሩን ቶሎ ዝጋው! የማን ልጅ ነሽ?»

«ጃለኔ እባላለሁ። የእትዬ ተናኘወርቅ የእህት ልጅ ነኝ።»

ፊታቸው በራ። «የተናኘ! ዛሬ ጠዋት እኮ አንኳኩታ ነበር።»

አክስቴ ከሞተች ዓመታት አልፈዋል። ሳዳምን አየሁት፤ ዓይኑን ከኔ አሸሸ።

«በዚያ በኩል ነው የሚመጡት» አሉ ወይዘሮ ነፊሳ ወደ ግድግዳው እያመለከቱ። «ወለተማርያም ትጠራኛለች። አስመላሽም ይስላል፣ ያው እንደ ድሮው። መጣሁ ብዬ ስነሳ ጉልበቴ ይከዳኛል። ራሴን ሊፈልጠኝ ይደርሳል።»

ሳዳም ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ወለተማርያም በሕይወት አሉ፤ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ነው የገቡት» አለኝ። ከዚያ ድምፁን የባሰ ዝቅ አደረገ። «እኔም ሰምቻቸዋለሁ፣ ወላሂ። ሼሁ መጥተው ቁርኣን ቀሩላት፤ ያን ቀን ደህና ዋለች። ከነጋ ግን ያው ሆነ።»

በሰው አገር የተማርኩት ሁሉ እንዲህ ያለውን ነገር ለማጣጣል ነው። ሻይ ሰጠኝ፤ ተቀመጥኩ። ሙቀቱ ደስ ይላል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ስለ ሰፈሩ አወጉኝ፤ ሰማሁ፤ ቀስ በቀስ መስማቴን ተውኩ። ግንባሬን ይወቃኝ ጀመር። ያን ጊዜ ግድግዳው ተንኳኳ፤ ቀስ ብሎ፣ የሚያውቀውን ቤት እንደሚያንኳኳ ሰው። ከወዲያ በኩል «ጃሌ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጃሌ የምትለኝ አክስቴ ብቻ ነበረች። ከዚያ ግድግዳ ወዲያ ዝናብ እንጂ ምንም እንደሌለ አይቼ ነው የገባሁት። ሆኖም «አቤት» ልል አፌን ከፈትኩ፤ ምላሴ ግን ከበደኝ።

የምላሴ ክብደት ነው ያዳነን። እንዲህ የሚያደርግ ነገር አንብቤ ነበር። ዓይኔ ፍሙ ላይ አረፈ።

«ሳዳም፣ ከሰሉን ሁልጊዜ እዚህ ነው የምታነዱት?»

«አይ፣ ድሮማ ጓሮ ማድ ቤት ነበረን፤ ከእነ ወለተማርያም ጋር የጋራ። ከነሱ ቤት ጋር ፈረሰ።»

«ሼሁ የመጡ ቀን በሩ ክፍት ነበር?»

«ሰው ግቢው ድረስ ሞልቶ ነበር፤ እንዴት ይዘጋል?»

እየተንገዳገድኩ ተነስቼ በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩት። ሳዳም ዘሎ ተነሳ።

«ምን ሆነሻል? ብርዱ ይግደላት እንዴ?»

«ከሰሉ እየመረዛችሁ ነው!»

«ጭስ የለውም እኮ! ውጭ አቀጣጥዬ፣ ፍም ሲሆን ነው የማስገባው። እናቴም እናቷም እንዲህ ነው ያደረጉት።»

«ከፍሙ የሚወጣው መርዝ አይታይም፤ አይሸትምም። በሕልም ውስጥ ያለህ ይመስልሃል፤ የሌለ ድምፅ ያሰማሃል፤ ከዚያ ያስተኛሃል።»

«በቃ! የጥናትሽን ስብከት በእናቴ ላይ አትጀምሪ» አለና በሩን መልሶ ዘጋው። «ማድ ቤታችንን ወሰዱ፣ ጎረቤታችንን ወሰዱ፤ አሁን ደግሞ እሳታችን ቀረ?»

ይህን ሲል ወይዘሮ ነፊሳ ከአልጋቸው ቀና አሉ። ፊታቸው ወደ ግድግዳው ነው። ፈገግ ብለዋል። «መጣሁ፣ ወለተማርያም፣ መጣሁ» አሉና እግራቸውን መሬት አስነኩ። ወዲያው ወደቁ።

«እማ! እማ!» መልስ የለም። ሳዳም የዘጋውን በር በእርግጫ ከፈተው። እሱ በብብታቸው፣ እኔ በእግራቸው ይዘን ወደ ውጭ አወጣናቸው፤ ከበሩ በላይ ወጣ ባለው የጣሪያ ቆርቆሮ ሥር አስተኝተን በኔ ኮት ሸፈንናቸው። ሳዳም ጉንጫቸውን እየዳበሰ ዱዓ ያደርጋል። ከብዙ ቆይታ በኋላ በረጅሙ ተነፈሱ። ድመቷ ከፍርስራሹ ወርዳ መጥታ እግራቸው ሥር ተጠቀለለች።

ታክሲ ጠርተን እስኪመጣ ድረስ ሳዳም ክፍት በሆነው በር ወደ ውስጥ ሲመለከት ቆየ። ፍሙ ባዶው ክፍል ውስጥ ቀልቶ ይታያል።

«ቅድም የዘጋሁት እኔ ነኝ» አለ።

«አላወቅህም።»

«አያቴ ዕድሜ ልኳን ከሰል አንድዳ ዘጠና ዓመት ኖራለች። ንገሪኝ፣ እሷን ለምን አልገደላትም?»

«አያትህ የት ነበር የሚያነዱት?»

«ማድ ቤት።»

«ማድ ቤቱ እንዴት ያለ ነበር?»

«እንጨቱ የተራራቀ፣ ነፋስ የሚያስገባ… ቆርቆሮው ከፍ ያለ።»

«ወጉ ከሰሉ ብቻ አልነበረም፣ ሳዳም። ነፋሱም የወጉ ክፍል ነበር። ከሰሉን ጠበቅከው፤ ነፋሱን ግን ላስቲክ መታህበት። ወግ አጥባቂ ነኝ ካልክ ሙሉውን ጠብቅ። ሙሉው ከሌለ ግማሹ መድኃኒት መሆኑ ቀርቶ መርዝ ይሆናል።»

ኮቱን በእናቱ ትከሻ ላይ አስተካከለ። ከዚያ እንዲህ አለ፦ «እሺ። ተቀብያለሁ። ግን አንቺም ስሚኝ። ማድ ቤቱ ሲፈርስ ‹ከነገ ጀምሮ በምን ታበስላላችሁ?› ብሎ የጠየቀን የለም። ጥናትሽ ይህን ይጠይቃል?»

«አይጠይቅም።»

«እንግዲያው አንቺም ግማሹን ነው የያዝሽው፣ ኢንጂነር።»

ክሊኒክ ስንደርስ ኦክስጅን ሰጧቸው። ሐኪሙ ምንነቱን ለማወቅ ብዙ አልደከመም፤ በየክረምቱ እንዲህ ያለ ሰው እንደሚመጣለት፣ አንዳንዱም ሳይነቃ እንደሚቀር ነገረን። ሳዳምም ለምርመራ ክንዱን ዘረጋ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ላንባቢዬ ልንገር፤ ይህን የጻፍኩትም ለዚሁ ነው። ሳዳም ላስቲኩን ከመስኮቱ ገፈፈው፤ ከጣሪያው ሥርም የአየር መውጫ ከፈተ። ስንጥቁን በጭቃና በሲሚንቶ ደፈነው። ለቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ ምድጃ አስገባ። መብራት ሲሄድስ? ድሮ ማድ ቤቱ በነበረበት ቦታ ላይ ራሱ አራት እንጨት ተክሎ ቆርቆሮ አለበሰ፤ ከሰሉ የሚነደው እዚያ ብቻ ነው። የወይዘሮ ነፊሳ ራስ ምታት ለቀቃቸው፤ ግንባራቸውን ማሰር ተዉ፤ ጉልበታቸው ተመለሰ። ድመቷም ያለ ልመና ገባች። ሳዳም ፖለቲካውን አልቀየረም፤ አሁንም ቀስ የሚል ፓርቲ ይፈልጋል። መርካቶ ሱቁ በር ላይ ግን ለሚከራከረው ሁሉ «ፍም ክፍል ውስጥ ቆልፎ የሚተኛ ሰው ወግ አጥባቂ አይባልም፤ ሟች ነው የሚባለው» ሲል ሰምቼዋለሁ። እኔም ጥናቴን ከመጀመሪያው ገጽ እንደገና ጻፍኩት። አንድን ቤት ከሰል ተው ከማለት በፊት ማድ ቤቱ የት እንደሄደ መጠየቅ አለበት፤ መብራቱም የማይቆራረጥ መሆን አለበት። እስከዚያው ደግሞ መስኮት መክፈት ማንንም አዋጅ አያስጠብቅም።

አንድ ነገር ብቻ አልጠበቅኩም ነበር። በመስከረም ልጠይቃቸው ስሄድ ወይዘሮ ነፊሳ በተከፈተው መስኮት አጠገብ ተቀምጠው ግድግዳውን ያያሉ።

«ዳንኩ፣ ልጄ። አልሐምዱሊላህ» አሉኝ። «ግን አሁን ማንም አይጠራኝም። ያን ጊዜ ከነመርዙም ቢሆን ሰው ነበረኝ።»

 ሳዳም ሰምቷቸው ኖሮ ጃኬቱን አንስቶ ወጣ። በመስኮቱ አየሁት፤ በሜዳው ላይ እንደ ልማዱ እየታጠፈ፣ እያጎነበሰ ሄደ። እኛ ረዘም ላለ ጊዜ ስናወራ ቆየን።

ከዚያ ግድግዳው ተንኳኳ፤ ቀስ ብሎ፣ የሚያውቀውን ቤት እንደሚያንኳኳ ሰው።

 ወይዘሮ ነፊሳ ደርቀው ቀሩ። ቀስ ብለው መስኮቱን አዩ፤ ክፍት ነው። በሩን አዩ፤ ክፍት ነው። ምድጃው የነበረበትን ወለል አዩ፤ ድመቷ ተኝታበታለች።

«ነፊሳ!» አለ ከሰማያዊው ቀለም ወዲያ የአሮጊት ድምፅ። «ነፊሳ፣ ይኼ ልጅሽ ከጎተራ ድረስ እየጎተተ አምጥቶኝ የገዛ ጓዳዬን ዞረሽ ግቢ ይለኛል፤ አብዷል እንዴ?»

ወይዘሮ ነፊሳ አየሩን በረጅሙ ሳቡ።

«አቤት!» አሉና ያለ ማንም ድጋፍ ተነሱ።